ተነሥቶ የሚመለስ ንጣፍ፦ ሮተርዳም ለግቢያችን የምታስተምረው

እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 1940 የጀርመን የጦር አውሮፕላኖች የኔዘርላንድስን የወደብ ከተማ ሮተርዳምን በቦምብ ደበደቡ። ድብደባው አጭር ነበር፤ ተከትሎ የተነሣው ቃጠሎ ግን መሀል ከተማውን አመድ አደረገው። 25,000 ያህል ቤቶች ወደሙ፤ 80,000 ያህል ሰዎች መጠለያ አጡ። ጦርነቱ ሲያበቃ ከተማዋ ቤቷንም፣ ሱቋንም፣ መንገዷንም እንደ አዲስ መሥራት ነበረባት።

የኔዘርላንድስ ከተሞች መንገዳቸውን ከጥንት ጀምሮ የሚያነጥፉት በተተኮሰ የሸክላ ጡብ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን ጡብ እንደ ልብ አልተገኘም፤ የተገኘውም ለቤት ግድግዳ ይፈለግ ነበር። ባለሙያዎቹ የሸክላውን ጡብ ቅርጽና መጠን ይዘው በኮንክሪት መሥራት ጀመሩ፤ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት፣ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሮተርዳም ጎዳናዎች በዚህ ጡብ ይነጠፉ ጀመር። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በሐዋሳ ቤት ሠርቶ የጨረሰ ሰው ለግቢው የሚገዛው ኢንተርሎክ የዚያ ጡብ ዘመድ ነው።

ዕቃው ወደ እኛ መጥቷል። አብሮት መምጣት የነበረበት ዕውቀት ግን በአብዛኛው መንገድ ላይ ቀርቷል። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት የግቢ ንጣፍ በሁለተኛው ክረምት ሲሰምጥና ሲነቃቀል ማየት ያሳዝናል፤ በተለይ ባለቤቱ ከዓመታት ቁጠባው ቀንሶ ያሠራው ሲሆን። ስለዚህ የሮተርዳምን ታሪክ እስከ አሸዋውና እስከ ጠርዙ ድረስ ወርዶ ማየት ይጠቅመናል።

ከተማዋ የተቆረቆረችው ውሃ ባዘለ ለስላሳ ሸክላና በብስባሽ አፈር ላይ ነው። ሰፊው ክፍሏ ከባሕር ወለል በታች ነው፤ የአገሪቱ ዝቅተኛ ቦታም፣ ከባሕር ወለል 6.76 ሜትር ዝቅ ያለው፣ የሚገኘው ከእሷ ብዙም ሳይርቅ ነው። ቤቶቹ ወደ ታች ዘልቀው ጠንካራውን አሸዋ በሚነኩ ፓይሎች ላይ ስለቆሙ ባሉበት ይጸናሉ። መንገዱ ግን ፓይል የለውም፤ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይወርዳል። ጊዜ ሲያልፍ ደጃፉ ባለበት ይቀርና መንገዱ ከሥሩ ይሸሻል።

እንዲህ ባለ መሬት ላይ ወጥ ኮንክሪት ቢፈስስ ይሰነጠቃል፤ አንዴ ከተሰነጠቀ ደግሞ ሰብሮ ከመጣል ሌላ መድኃኒት የለውም። በጡብ የተነጠፈው መንገድ ግን ሲወርድ ሠራተኞች ጡቡን ያነሣሉ፣ አሸዋ ይጨምራሉ፣ ይደለድላሉ፣ ደኅና የሆነውን ጡብ መልሰው ይነጥፉታል። የውሃ ወይም የመብራት መስመር ሲበላሽም እንዲሁ ነው፤ ጡቡ ይነሣል፣ ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ መስመሩ ይጠገናል፣ ጡቡ ወደ ቦታው ይመለሳል።

የሮተርዳም ሰዎች መሬታቸው እንደሚንቀሳቀስ አምነው ተቀበሉ፤ ንጣፋቸውንም ለዚያ አሰናዱት። ጥሩ ንጣፍ መሬቱ ሲነቃነቅ አብሮት ለመጥ ይላል፤ ሲያስፈልግም ተነሥቶ ይመለሳል። አሸዋው፣ ጠርዙ፣ አቆራረጡ፣ በጡብና በጡብ መካከል የሚተወው ክፍተት፣ ሁሉም ከዚህ አንድ ሐሳብ ይመነጫሉ።

የእኛም መሬት የራሱ ጠባይ አለው። በአዲስ አበባ፣ በተለይ በቦሌና በአቃቂ በኩል፣ ሰፊው ቦታ ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ይደርቅና እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። አንዱ መሬት ይሰምጣል፣ ሌላው ያብጣል፤ በሁለቱም ላይ የሚሠራ ሰው ግን መሬቱ ዝም ብሎ እንደማይተኛለት ማወቅ አለበት።

ሆኖም በብዙ ግቢ የሚታየው ሥራ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጡቡ በሞርታር ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ቦያካ፣ ማለትም በውሃ የቀጠነ ሲሚንቶ፣ ይፈስስበትና በመጥረጊያ ወደየክፍተቱ ይገፋል። ባለቤቱን ቢጠይቁት "እንዲጠነክርልኝ ብዬ ነው" ይላል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ሣር እንዳይበቅልበት፣ ጉንዳን አፈር እንዳያወጣበት፣ ውሃ እንዳይሰርግበት ይፈልጋል። ነገር ግን ቦያካው ለየብቻ የነበሩትን ጡቦች አጣብቆ አንድ ወጥ ሰሌዳ ያደርጋቸዋል። አፈሩ ሲያብጥ ሰሌዳው በደካማው መስመር ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ የገባው ውሃ መውጫ ያጣና ከሥር ያለውን ያቦካል። ቧንቧ የፈነዳ ቀን ደግሞ በዲጂኖ ከመፍለጥ ሌላ ምርጫ አይኖርም። ልጅ አድጎ ልጅ እስኪወልድ ሊያገለግል የሚችል ጡብ በአንድ ጠዋት ፍርስራሽ ሆኖ ከደጅ ይቆለላል።

"ታዲያ አሸዋ ላይ የተቀመጠ ጡብ መኪና ይችላል?" የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ከዚያችው ከተማ ይገኛል። በሮተርዳም ወደብ ከባድ ኮንቴነር የሚደረደርባቸው ሰፋፊ ቦታዎች በኮንክሪት ጡብ የተነጠፉ ናቸው። ጎማ አንዱን ጡብ ሲጫነው በክፍተቱ ውስጥ ታጭቆ ያለው አሸዋ ጡቡን ከጎረቤቱ ጋር ያፋትገዋል፤ ጎረቤቱ ለጎረቤቱ እያቀበለ ክብደቱ ይሰራጫል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ዓይነት ጉልበት ነው። ይህ እንዲሆን ግን ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ ከሥር የማይሰምጥ መደብ፣ ዙሪያውን የማይሸሽ ጠርዝ፣ መሀሉ ላይ የሞላ ክፍተት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ጡቡ ብቻውን ይቀራል፤ ብቻውን የቀረ ጡብ ደግሞ ይሰምጣል ወይም ይገለበጣል።

ከመደቡ እንጀምር። መኪና የሚቆምበት ግቢ ከሆነ 6 ሴንቲ ሜትር ጡብ፣ 3 ሴንቲ ሜትር አሸዋ፣ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ጠጠር ወይም ገረጋንቲ ያስፈልጋል። ስለዚህ ንጣፉ ሲያልቅ ከሚደርስበት ከፍታ 24 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች መቆፈር ግድ ነው። ጥቁር አፈር ካጋጠመ ከዚያም በላይ ተቆፍሮ ይወጣና በገረጋንቲ ይተካል። ሙሌቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከተገለበጠ መጠቅጠቂያ ማሽኑ የላዩን ብቻ ነው የሚደርሰው፤ ለትንሽ ኮምፓክተር በየ10 ሴንቲ ሜትሩ እያነጠፉ፣ ጥቂት ውሃ እየረጩ መጠቅጠቅ ይሻላል። ይህ የሥራው አሰልቺ ክፍል ነው፤ ካለቀ በኋላም ዓይን አያየውም። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ከዚህ ላይ የሚሰረቀው።

ተዳፋቱም የሚሠራው እዚሁ መደቡ ላይ ነው። ለአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት፤ ከቤቱ ግድግዳ እስከ ቦዩ 5 ሜትር ቢሆን 10 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ውሃው ከግድግዳው እየሸሸ ወደ ቦይ ይሂድ። ብዙ ሰው መደቡን ለጥ አድርጎ ይሠራና ተዳፋቱን በአሸዋ ለማምጣት ይሞክራል፤ በአንድ በኩል 2፣ በሌላው በኩል 8 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ይሆናል። ወፍራሙ አሸዋ ከጊዜ ጋር እየተጨመቀ ይወርዳል፤ ውሃውም ተመልሶ እዚያው ይቋጥራል። አሸዋ ጉድጓድ መሙያ አይደለም። መደቡ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ከተገኘ በጠጠር ተሞልቶ እንደገና ይጠቅጠቅ።

አሁን አሸዋው ዘንድ ደረስን። የሚፈለገው ለኮንክሪት የሚሆን ንጹሕ፣ ሻካራ አሸዋ ነው። በእፍኝ ይዘው ሲያሹት እጅን በጭቃ የሚያለብስ ከሆነ አፈር አለበት፤ ይመለስ። አዘረጋጉ እንዲህ ነው፦ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ቀጥ ያሉ የብረት ቧንቧዎች በመደቡ ላይ ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ አሸዋው በመካከላቸው ይፈስሳል፤ ግንበኛው ቀጥ ያለውን ማስተካከያ፣ ስታጃውን፣ በሁለቱ ቧንቧዎች ላይ አሳርፎ ወደ ራሱ ይስበዋል። ትርፉ አሸዋ ከስታጃው ፊት እየተጠቀለለ ይመጣል፤ ከኋላው የሚቀረው ልክ እንደተላገ እንጨት ለስላሳ ነው። ቧንቧዎቹ ሲነሡ የተዉት ጎድጓዳ መስመር በእጅ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ማንም እግሩን አያሳርፍበትም። አንድ የጫማ ዱካ አሸዋውን ያምቀዋል፤ የታመቀው ቦታ ላይ የሚቀመጠው ጡብ ከሌሎቹ ጋር አብሮ አይወርድም። ስለዚህ ነጣፊው በተነጠፈው ላይ ተንበርክኮ ወደፊት እየነጠፈ ይሄዳል።

ጠርዙ ከንጣፉ በፊት መቆም አለበት። ሲሚንቶ ቦታው እዚህ ነው፤ ከርብ ስቶኑ በኮንክሪት ተይዞ፣ ከጀርባውም ኮንክሪት ተደግፎ ይተከላል። ጎማ ሲዞርና ፍሬን ሲያዝ ጡቦቹን ወደ ጎን ይገፋል፤ ጠርዝ ከሌለ የዳርቻው ጡብ በየቀኑ በጥቂቱ ይሸሻል፣ የሁሉም ክፍተት ይሰፋል፣ አሸዋው ይፈስሳል። በበሩ በኩል ንጣፉ በአፈር ላይ ዝም ብሎ የሚያልቅባቸው ግቢዎች መጀመሪያ የሚፈርሱት በዚያ በኩል መሆኑን ማንም ልብ ብሎ ማየት ይችላል።

አቀማመጡም ለጉልበቱ ድርሻ አለው። መኪና ለሚገባበት ቦታ በዓሣ አጥንት ቅርጽ የተነጠፈ ጡብ ከሁሉ ይበልጣል፤ አንዱ ቁም፣ አንዱ አግድም ሆነው ስለሚቆላለፉ ረጅም ቀጥ ያለ መስመር አይኖርም፤ ጎማውም መግፊያ አቅጣጫ ያጣል። ከመነጠፉ በፊት ማዕዘኑ ይረጋገጥ፤ ከጥጉ በሁለት አቅጣጫ ሲባጎ ተወጥሮ በአንዱ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ተለክቶ በሁለቱ ነጥቦች መካከል 5 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ልክ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የባለሙያ እጅ የሚታወቀው በአቆራረጡ ነው። የኔዘርላንድስ ነጣፊዎች የሚያስተምሩን የመጀመሪያው ነገር በተቻለ መጠን አለመቁረጥ ነው። ዓሣ አጥንቱ ከጠርዙ ጋር በ45 ዲግሪ ሲነጠፍ በየጠርዙ ሦስት ማዕዘን ክፍተት ይቀራል። እነሱ ለዚህ ቦታ ከፋብሪካ ተሠርቶ የሚመጣ ባለ አምስት ማዕዘን ጡብ አላቸው፤ የጳጳስ ቆብ ይሉታል። ይህን የመሰለ የጠርዝ ጡብ በማይገኝበት ቦታ ዓሣ አጥንቱን ከጠርዙ ጋር በ90 ዲግሪ መንጠፍ ይቀላል፤ ያኔ በጠርዙ የሚቀሩት ክፍተቶች ቀጥ ያለ ግማሽ ጡብ ብቻ ናቸው። ከዚያም ብልህ ሰው ከርብ ስቶኑን ከመትከሉ በፊት አንድ ረድፍ ጡብ በደረቁ መሬት ላይ ደርድሮ ስፋቱን ከጡቡ ይለካል። ከርቡ አምስት ሴንቲ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ቢተከል ባለቤቱ ልዩነቱን አያውቀውም፤ በጠርዙ ሁሉ ሊቆረጥ የነበረው ጡብ ግን ይተርፋል።

መቁረጥ ግድ ሲሆን መጀመሪያ ሙሉው ጡብ ሁሉ ይነጠፍ፤ የጠርዙ ክፍተት ለመጨረሻ ይቆይ። ሊቆረጥ ያለው ጡብ በክፍተቱ ላይ በሚቀመጥበት አቅጣጫ ይደረጋል፤ በሁለቱም በኩል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ለአሸዋው ተቀንሶ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል። በሜትር ለክቶ ከመቁረጥ ይህ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ከርቡ ጥቂት ቢጣመም እንኳ ምልክቱ ጠማማነቱን ይከተላል። የሚቀረው ቁራጭ ከሙሉው ጡብ ሲሶ ያነሰ ከሆነ እዚያ ላይ አይቀመጥም፤ ትንሽ ቁራጭ ጎማ ሲያርፍበት ይሰበራል፣ ወይም ተፈንቅሎ ይወጣል። መፍትሔው ከጎኑ ያለውንም ሙሉ ጡብ አንሥቶ ቦታውን ለሁለት ማካፈል ነው፤ አንድ ሙሉና አንድ ቅንጣቢ የነበረው ሁለት ደኅና ቁራጮች ይሆናል። የማንሆል ክዳን ዙሪያም እንዲሁ ነው፤ ክብ ክዳን ዙሪያውን ጥፍር በሚያህሉ ቁራጮች ከመሙላት ክዳኑን በአራት ማዕዘን የኮንክሪት ፍሬም ማቀፍ ሥራውን ቀጥ ያደርገዋል።

ግራይንደሩ ሲነሣ ልብ መባል ያለበት የሰው ጤና ነው። የኮንክሪት ብናኝ ውስጥ ሲሊካ አለ፤ በጣም ደቃቁ ሳንባ ውስጥ ይቀርና ሲሊኮሲስ የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ይህ በሽታ ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ብናኙ ለሳንባ ካንሰርም ያጋልጣል። በየሠፈሩ ግን ግራይንደር የያዘው ወጣት አፉን በሻርፕ ሸፍኖ በነጭ ደመና ውስጥ ሲሠራ እናየዋለን፤ ሻርፕ ይህን ብናኝ አይዝም። ውሃ እያፈሰሰ የሚቆርጥ ማሽን መከራየት፣ ወይም ብናኝ የማያስነሣ የጡብ መሰንጠቂያ መጠቀም፣ ለሠራተኛው ትክክለኛ የብናኝ ማስክና የዓይን መነጽር መግዛት የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ተራ ግራይንደር ላይ ውሃ ማፍሰስ ግን ሌላ ሞት ነው፤ ማሽኑ ለውሃ የተሠራ መሆን አለበት። ለግቢያችን ውበት የሚደክም ልጅ ሳንባውን ሊከፍልበት አይገባም። መቁረጡም ከንጣፉ ራቅ ብሎ ይሁን፤ ከውሃ ጋር የተቀላቀለው ብናኝ አዲሱ ጡብ ላይ ከደረቀ አይለቅም።

ሁሉም ከገባ በኋላ ኮምፓክተሩ በጡቡ ላይ ይሄዳል። ጡቦቹ ወደ አሸዋው ጥቂት ይወርዳሉ፤ ከሥር ያለው አሸዋም ወደ ክፍተቶቹ ይወጣል። የተሰነጠቀ ካለ አሁኑኑ ይለወጣል። ከዚያ ደረቅ፣ ደቃቅ አሸዋ ይበተንና በመጥረጊያ ወደ ክፍተቶቹ ይገፋል፤ ማሽኑ እንደገና ይሄዳል፤ አሸዋው ይወርዳል፤ እንደገና ይጨመራል። ክፍተቱ ጠግቦ አልቀበልም እስኪል ድረስ ነው። እርጥብ አሸዋ ከአፉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል እንጂ አይወርድም፤ ለዚህ ሥራው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ቢሆን ይመረጣል። ከመጀመሪያው ክረምት በኋላም አሸዋው ጥቂት ስለሚጎድል አንድ ጊዜ መጨመር ያስፈልጋል። ሣር ቢበቅል ይነቀላል፤ ጉንዳን አፈር ቢያወጣ ይጠረግና አሸዋ ይመለሳል። ከቦያካ ጋር ሲመዛዘን ይህ ቀላል ሥራ ነው።

እንዲህ የተሠራ ንጣፍ ጥቅሙ የሚታየው ችግር በመጣ ቀን ነው። የውሃ መስመር ቢፈነዳ፣ አዲስ የመብራት ገመድ ቢያስፈልግ፣ ወይም የሴፕቲክ ታንኩ መስመር ቢደፈን፣ ሠራተኛው በሁለት ጠፍጣፋ ብረት አንዱን ጡብ ይፈነቅላል። የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ሌላው በእጅ ይነሣል። ጡቡ ተጠርጎ በጎን ይደረደራል፣ ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ጥገናው ያልቃል። ሲመለስ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፦ ሙሌቱ እንደ መጀመሪያው በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ይጠቀጠቃል፣ አሸዋው በስታጃ ይስተካከላል። የኮብልስቶን መንገዶቻችን ለቧንቧ ከተቆፈሩ በኋላ ጎድጉደው የሚቀሩት ድንጋዩ ጥፋት ኖሮበት አይደለም፤ የተመለሰው አፈር ሳይጠቀጠቅ ድንጋዩ ስለተደረደረበት ነው።

ለግቢው የሚያስነጥፍ ሰው እንግዲህ ከሥራ ተቋራጩ ጋር ሲዋዋል ክፍያውን በየደረጃው ያድርግ። መደቡ ተጠቅጥቆ ሲያልቅ፣ አሸዋ ሳይፈስስበት በፊት፣ ራሱ ቆሞ ይየው፤ ቁመቱን ይለካ፤ ውሃ አፍስሶ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከት። ከርቡ ከጀርባው ኮንክሪት መደገፉን ያረጋግጥ። የመጨረሻውን ክፍያ ክፍተቶቹ በአሸዋ እስኪሞሉ ያቆየው። ከሚያስፈልገው ጡብ ከመቶ አምስት ያህል ከዚያው ፋብሪካና ከዚያው ቀለም ጨምሮ ይግዛ፤ የተረፈውን በጓሮ ያኑር፤ ከዓመታት በኋላ አንዱ ቢሰበር አቻውን ፍለጋ አይንከራተትም። ቦያካ ይፍሰስበት የሚል ሰው ቢመጣም "አይሆንም" ይበል። ሮተርዳም ከወደመች በኋላ በማይታመን መሬት ላይ መንገዷን የሠራችው ነገ እንደሚነሣ አውቃ ነው፤ እኛም ግቢያችንን ነገ እንዲነሣ አድርገን እናስነጥፍ።